ባሉን በሌለበት የሀርት አታክ ሕክምናን ለማሻሻል ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ጅማ ዞን ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በቅርቡ የጥራት ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። የሀርት አታክ ታካሚዎችን ሕክምና እንድናሻሽል ተነግሮናል። ግማሹ ባልደረባ ‹ባሉን (የተዘጋን የልብ ደም ሥር በፊኛ የመክፈት ሕክምና) የሚሠራበት ክፍል ከሌለን ምንም አይለወጥም› ይላል። ሌላው ‹ሥልጠና ይሰጠን› ይላል። ኢሲጂ ማሽን (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያትም) አለን፣ አስፕሪን አለን። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ የለም። ከምን ልጀምር? ከአመራሩስ ምን ልጠይቅ?»

መልስ፦

ሲስተር፣ መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስልዎትና ከዚያ እናብራራዋለን። ሰዓት ከመመዝገብ ይጀምሩ። ታካሚው በሩን ከረገጠ ጀምሮ ኢሲጂ እስኪነሳ፣ ከኢሲጂው ደግሞ መድኃኒቱ እስኪገባለት ስንት ደቂቃ እንደሄደ ይጻፉ። ሥልጠናው ይደርሳል። ኮሚቴውም ስብሰባ አያጣም።

«ባሉን ከሌለ ምንም አይለወጥም» የሚለውን አስቀድሜ ላንሳ፤ የሰውን እጅ የሚያስረው እሱ ነውና። ባሉን የተሻለ ሕክምና መሆኑ አያከራክርም፤ በሰዓቱ ከተገኘ ማለቴ ነው። የሕክምና መመሪያዎቹ ራሳቸው ኢሲጂው ሀርት አታክ ካሳየ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ የተዘጋውን ደም ሥር በባሉን መክፈት ካልተቻለ የሚያሟሟውን መድኃኒት ስጡ ይላሉ። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ጊቤን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ወልቂጤን አልፎ በ120 ደቂቃ መድረስ ቀልድ ነው። ባሉን ባለበት ቦታም ቢሆን ሌሊትና እሁድ ባለሙያ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ለአብዛኛው የአካባቢያችን ታካሚ የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን አይሲስ-2 የተባለ ጥናት ብዙ ሐኪም ያውቀዋል። 17,187 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ባሉን የለም፣ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) የለም። አስፕሪንም፣ ስትሬፕቶካይኔዝ የተባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትም ካልተሰጣቸው ሰዎች 13.2 በመቶው በ5 ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት ሞቱ። ሁለቱንም ካገኙት 8 በመቶው ብቻ ሞቱ። አስፕሪን ብቻውን ይህን ሞት በ23 በመቶ ቀንሷል። ያ አስፕሪን እናንተ ጋ አለ፤ ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ። ኮሚቴው ውስጥ የባሉን ክርክር ሲነሳ ይህን ቁጥር አንድ ጊዜ ያንብቡላቸውና ወደ ሥራው ይግቡ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። «ደቂቃ እንመዘግባለን» ማለት ቀላል ይመስላል። ግን በየትኛው ሰዓት? ካርድ ክፍል በእኛ ሰዓት ይጽፋል። ኢሲጂ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ያትማል፤ ያውም ማን፣ መቼ እንደሞላው የማይታወቅ ሰዓት። ተረኛው ሐኪም የስልኩን ያያል። ነርሷ የግድግዳውን ታያለች፤ የግድግዳው ባትሪ ደግሞ ካለቀ ሰነባብቷል። እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንዳንዱ ታካሚ ሆስፒታል ሳይደርስ ኢሲጂ ተነስቶለት ያገኙታል። ካርዱ ላይ 3፡10 ካለ ጠዋት ነው ማታ? ማሽኑ 21፡22 ካለ ማታ መሆኑን ገምተን 12 ደቂቃ እንላለን። ግምት ግን መረጃ አይሆንም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትሪያጅ (ታካሚው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ) ጋ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይሰቀል። የኢሲጂው፣ የሞኒተሩና የዲፊብሪሌተሩ (ምቱን የሳተ ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልሰው ማሽን) ሰዓት በየሳምንቱ ከእሱ ጋር ይስተካከል። ሁሉም ሰው በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ። እኔ የእኛን ሰዓት እመርጣለሁ፤ ታካሚውም «ሕመሙ መቼ ጀመረህ?» ሲባል የሚመልሰው በዚያ ነው። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ግን የግድ ይታከልበት። ኢሲጂው ላይም ያነሳችው ነርስ ሰዓቱንና ስሟን በእጇ ትጻፍ። በነገራችን ላይ የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየቆየ ይደበዝዛል። ኮፒ ተደርጎ ካልተቀመጠ ከዓመት በኋላ ነጭ ወረቀት ነው የሚያገላብጡት።

ቀጥሎ መንገዱን ይመልከቱት። አንድ ሰው ደረቱን ይዞ በባጃጅ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው አብረውት እየሄዱ ይከታተሉ። ጥበቃው ይፈትሻል። አስታማሚው ካርድ ሊያወጣ ይሰለፋል። ትሪያጅ ግፊቱን ይለካል። ሐኪም ያየዋል፤ ኢሲጂ ያዛል። ለኢሲጂው ይከፈላል። ኢሲጂ ክፍሉ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ሌሊት ከሆነ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ይጠየቃል። ተገኝቶ ሲከፈት ወረቀት አልቋል። እያንዳንዱ ጣጣ ለየብቻው ትንሽ ነው፤ ሲደማመር ግን አንድ ሰዓት ይበላል። የልብ ጡንቻ ደግሞ ደም ሥሩ ከተዘጋ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ይህን ሁሉ የሚያሳጥረው አንድ ውሳኔ ነው። ኢሲጂ የሐኪም ትእዛዝ አይጠብቅ። ትሪያጅ ላይ ያለችው ነርስ ራሷ ታንሳ፤ ካርዱና ክፍያው ኋላ ይደርሳል። ማሽኑም ቁልፍ ካለበት ክፍል ወጥቶ ትሪያጅ አጠገብ ይቁም። ግቡ ከደረሰበት ጀምሮ 10 ደቂቃ ነው። ይህ ውሳኔ በቃል ከቀረ ግን አይሠራም። ሜዲካል ዳይሬክተሩ የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፍ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ገንዘብ ያዥ «ደረሰኝ የታለ?» ሲል ያበቃለታል።

ለማን ይነሳ? እኔ የምመክረው ሰፋ ያለ ደንብ ነው። ዕድሜው ከ30 በላይ ሆኖ ደረቱን ያመመው ሁሉ። ከ50 በላይ ሆኖ ድንገት ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ፣ ድንገት አቅም የከዳው ወይም ክንዱን ያመመው ሁሉ። የስኳር ታካሚ ከሆነ ደግሞ ያለ ምክንያት ካላበውም ይነሳለት። አዎ፣ ብዙ ጤነኛ ኢሲጂ ታነሳላችሁ። ወረቀቱ ርካሽ ነው።

የእኛ አገር ትልቁ ወጥመድ ጨጓራ ነው። ታካሚው ራሱ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ ይመጣል። የልብ የታችኛው ክፍል ሲጎዳ ሕመሙ ከእንብርት በላይ ሆኖ ማስመለስ ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሰውየው አልዋሸም። ኦሜፕራዞል በመርፌ ይሰጠዋል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ይሸኛል። ሌላው «ውጋት ነው፣ ብርድ ነው» ተብሎ ዲክሎፌናክ ይወጋል። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ደግሞ ሀርት አታክ ላለበት ሰው ጎጂ ናቸው። በዚህ ላይ ቋንቋ አለ። ከገጠር የመጣች እናት ሕመሟን በአፋን ኦሮሞ ስትናገር፣ ከቦንጋ ወይም ከዳውሮ የመጣውም በራሱ ቋንቋ ሲናገር የሚሰማው ሰው ትሪያጅ ላይ አለ ወይ? ለማስተርጎም የሚጠራው ራነር (የሆስፒታሉ ተላላኪ) ከሆነ ስለ ሕመሙ አጀማመር ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ይነገረው።

ጅማ ላይ ሆኜ ጫትን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። የየመን ሐኪሞች ጫትና ሀርት አታክ እንደሚያያዙ በጥናት አሳይተዋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፤ የልብን ደም ሥርም ያኮማትራል ተብሎ ይታሰባል። ሲጋራ ሲታከልበት ይብሳል። እዚህ ላይ የምፈራው ግን አንድ የተለመደ ነገር ነው። የ35 ዓመት ጎልማሳ ከሰዓት ቅሞ ማታ ደረቱን ይዞ ሲመጣ «ጫቱ ነው፣ ጭንቀት ነው» ይባልና ውሃ ጠጥቶ እንዲያርፍ ይመከራል። ኢሲጂ ሳይነሳ እንዲህ የሚባል ነገር ክልክል ይሁን።

የተነሳውን ማን ያንብበው? ሌሊት ያለው ኢንተርን (ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ወይም ጠቅላላ ሐኪም ብቻውን መወሰን ሊከብደው ይችላል። የቴሌግራም ቡድን ይክፈቱ፤ የታካሚው ስምና ካርድ ቁጥር ተሸፍኖ ፎቶው ይላክ፤ በየዕለቱ መልስ የሚሰጥ አንድ ተረኛ ስፔሻሊስት ስሙ ታውቆ ይመደብ። «ያየ ሰው ይመልስ» ከተባለ ማንም አይመልስም። ኢሲጂው ጤነኛ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ በ15 እና በ30 ደቂቃ ይደገም። ትሮፖኒን የተባለውን የልብ ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ መጠበቅ ሌላው የጊዜ ሌባ ነው። ሕመሙ እንደጀመረ የተወሰደ ትሮፖኒን ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ኢሲጂው ላይ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል በግልጽ ከፍ ካለ ደግሞ ላቦራቶሪ አይጠበቅም።

አስፕሪኑ ትሪያጅ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ባለ 81 ሚሊግራም ከሆነ አራት ፍሬ ታኝኮ ይዋጣል፤ ሳይታኘክ አይዋጥም። አለርጂና ደም መፍሰስ ተጠይቆ ይሰጥ፤ ሰዓቱ ይጻፍ። ክሎፒዶግሬል (ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) 300 ሚሊግራም ይከተላል፤ ከ75 ዓመት በላይ ለሆነና የሚያሟሟው መድኃኒት ለሚሰጠው 75 ብቻ። ኦክስጅን ለሁሉም መግጠም ልማድ ሆኗል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ጥቅም እንደሌለው ታይቷል። ሲሊንደሩን ለሚያስፈልገው ሕፃን ያቆዩት። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን ግፊቱ ከ90 በታች ለሆነ አይሰጥም፤ የቀኝ የልብ ክፍል ከተጎዳም ግፊቱን ገደል ይከተዋል።

የሚያሟሟው መድኃኒት ላይ ሁለት ነገር ይዘገያል፤ ውሳኔውና ማግኘቱ። ለውሳኔው አንድ ገጽ ዝርዝር ይሠራ። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት አላለፈም? ኤስቲው ከፍ ብሏል? ከዚህ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶበታል? በቅርቡ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነበረው? አሁን የሚደማ ነገር አለ? ግፊቱ ከ180 በ110 ይበልጣል? ሕመሙ ወደ ጀርባ የሚቀድድ ሆኖ የሁለቱ ክንዶች ግፊት ይለያያል? ሐኪሙ በ5 ደቂቃ ጨርሶት ይወስናል። ኤስቲው ዝቅ ያለበት ታካሚ ላይ ይህ መድኃኒት አይሰጥም፤ ጉዳት ብቻ ነው ያለው። ጭንቅላት ውስጥ ደም የመፍሰስ አደጋው ከ100 ሰው አንድ ገደማ ስለሆነ ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ይነገር። ዝም ብሎ ማስፈረም ግን ማስረዳት አይደለም።

ለማግኘቱ ደግሞ የምለው አንድ ነው። መድኃኒቱ ዋናው መጋዘን ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ። የሁለት ሰው መጠን ከመርፌው፣ ከማቅለያውና ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ሳጥን ይታሸግ። በተጠቀማችሁ ማግስት ፋርማሲ ይተካ፤ የሚያበቃበት ቀን በወር አንዴ ይታይ። አስታማሚን ሌሊት ከተማ ውስጥ ከፋርማሲ ፋርማሲ መድኃኒት ፍለጋ መላክ ሕክምና አይባልም። የሚገኘው ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይንጠባጠባል። ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ነርሷ አልጋው አጠገብ ትቁም። ከዚህ በፊት ወስዶ ለሚያውቅ አይደገምም፤ ስለዚህ መውጫ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ቴኔክቴፕሌዝ የተባለው ሌላው የሚያሟሟ መድኃኒት ከሆነ በክብደት ተሰልቶ በአንድ መርፌ ይገባል፤ ለአዛውንቶች በግማሽ። ከበር እስከ መርፌ 30 ደቂቃ ጥሩ ግብ ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ ሁለት ሰዓት ብታገኙ አትደንግጡ። ለማሳጠር መጀመሪያ ማወቅ አለባችሁ።

ከተሰጠ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂው ይደገም። ኤስቲው በግማሽ ካልወረደ መድኃኒቱ አልከፈተውም ማለት ነው፤ ባሉን ወዳለበት ቶሎ ይሂድ። ከወረደም ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሄድ ይመረጣል። ሪፈር ሲጻፍ የኢሲጂው ኮፒና መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት ይያያዝ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ ይደወልለት። አምቡላንሱ ውስጥ ዲፊብሪሌተር መጠቀም የሚችል ሰው ይኑር። የወረዳ አምቡላንሶቻችን በአብዛኛው ወላድ እናቶችን ለማድረስ የተሰማሩ ስለሆኑ ይህ አስቀድሞ መነጋገር ይፈልጋል። ዲፊብሪሌተሩ ራሱ በየፈረቃው ይሞከር። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሞተው ታካሚ ብዙ ጊዜ ልቡ ምቱን ስቶ ነው፤ ማሽኑም ቻርጅ ሳይደረግ ስቶር ውስጥ ይገኛል።

መዝገቡን በሚመለከት አንድ ማታለያ አለ። «ሀርት አታክ» ተብለው የተመዘገቡትን ብቻ ከቆጠራችሁ ቁጥራችሁ ያምራል። ያለፉንን ሰዎች አልቆጠርንማ! በየወሩ የትሪያጅ መዝገቡ ላይ በደረት ሕመም፣ በጨጓራና በትንፋሽ ማጠር የገቡትን ሁሉ ያውጡ። ስንቶቹ ኢሲጂ ተነሳላቸው? በ3 ቀን ውስጥ ተመልሶ የመጣ አለ? በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ አለ? ሌላው ነገር፣ ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ በመቶኛ አታስሉ፤ ከአራት ሰው ላይ «75 በመቶ» ማለት ራስን ማሞኘት ነው። ኬስ በኬስ እዩት። ሲበዛ ደግሞ ደቂቃዎቹን ደርድራችሁ መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ። አማካዩን አንድ 5 ሰዓት የጠበቀ ሰው ያበላሸዋል።

ሰኞ ከሞርኒንግ (ከጠዋቱ የሥራ ስብሰባ) በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲ፣ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪና ራነር ይገኙ። የሳምንቱ ታካሚዎች ሰዓት ይነበብ፤ የት እንደቆየ ይጠየቅ። ስም አይጠራ። ስም ከተጠራ በሚቀጥለው ሳምንት 9 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ፣ 9 ደቂቃ ተጽፎ ይመጣልዎታል።

ይህ ሁሉ ሞትን ይቀንሳል ወይ? በብራዚል 34 የመንግሥት ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ማስታወሻ፣ ዝርዝር ወረቀት፣ ባለ ቀለም የእጅ ማሰሪያና ጉዳዩን የሚከታተል ነርስ ተጠቀሙ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ ያገኘው ታካሚ 67.9 በመቶ ሆነ፤ ይህን ባላደረጉት 49.5 ነበር። ሕንድ ኬረላ ውስጥ ደግሞ 63 ሆስፒታሎችና ከ21,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ተመሳሳይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው ተሻሽሏል። በ30 ቀን ውስጥ የደረሰው ሞትና ከባድ ችግር ግን ሌሎች ነገሮች ከተስተካከሉ በኋላ በግልጽ አልተለየም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ዝርዝር ወረቀት መድኃኒቱን በሰዓቱ ለማድረስ ይረዳል፤ ሕመሙ በጀመረ በማግስቱ ለሚመጣ ሰው ግን ብዙ አይፈይድም። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሥራው ከግቢው ይውጣ። አጋሮ ያለው ጤና ጣቢያ ታካሚው አስፕሪን እንዲያኝክ አድርጎ እንዲልክ፣ ኢሲጂ ካለው ፎቶውን እናንተ ቡድን ላይ እንዲጥል ይደረግ።

ስለ መውጫው አጭር ልበል። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አቶርቫስታቲን፣ እንደ ሁኔታው ሜቶፕሮሎልና ኢናላፕሪል ይዞ ይወጣል። አንድ ወር ይወስድና «ተሻለኝ» ብሎ ያቆማል፤ ወይም ገንዘቡ ያልቃል። የጤና መድን አባል ከሆነ የትኛው መድኃኒት ከየት እንደሚሞላለት ከመውጣቱ በፊት ይነገረው። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን።

ከአመራሩ የሚጠይቁት ብዙ አይደለም። የግድግዳ ሰዓት፣ የማይቋረጥ የኢሲጂ ወረቀት፣ ኢሲጂና አስፕሪን ከክፍያ በፊት የሚል የተፈረመ ገጽ፣ የታወቀ ተረኛ አንባቢና ሁልጊዜ የሁለት ሰው መድኃኒት። ውዱ የመጨረሻው ነው። «ለስንት ሰው ነው የምንገዛው?» ተብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ የ3 ወር መዝገብ ይዘው ይግቡ።